ጠርሙሱ ይመለሳል፤ ሃይላንዱ ለምን ይቀራል?

ስለ ሥልጣን፣ ስለ ምርጫና ስለ ወሰን ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ስለ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ብንጽፍ «ይህ ሰው ነገር አለቀበት» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። እኔ ግን ነገሩ ከፖለቲካ የራቀ ሆኖ አልታየኝም። ማን ያተርፋል፣ ማንስ ጥራጊውን ይሸከማል የሚለው ጥያቄ የፖለቲካ ሁሉ ሥር ነው፤ ይህንንም ጥያቄ በአንዲት ባዶ ሃይላንድ ላይ ቁልጭ አድርጎ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ለዛሬ ከአዲስ አበባ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው፣ የአገሩ ሰው በኽምጣኛ ጽጽቃ ወደሚላት ወደ ሰቆጣ እንሂድ።

የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ወደሆነችው ወደዚህች ከተማ የመጠጥ መኪና ሲገባ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያራግፋል። አንደኛው በሳጥን የተደረደረ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ሁለተኛው በላስቲክ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ውኃና ለስላሳ ነው። መኪናው ሲመለስ ግን የሚጭነው አንዱን ብቻ ነው። ባዶው ጠርሙስ ከነሳጥኑ ተቆጥሮ ይጫናል፤ ባዶው ፕላስቲክ እዚያው ይቀራል።

ልዩነቱን ያመጣው ማስያዣ የምንለው ነገር ነው። ባለግሮሰሪው ጠርሙስ ቢጎድልበት ከኪሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ጠርሙስ ይዞ ሊወጣ የሚፈልግ ደንበኛ ገንዘብ አስይዞ ይወጣል፣ መልሶም ገንዘቡን ይወስዳል። ለዚህ ሥራ ዘመቻ አልታወጀም፤ ቲሸርት አልታተመም፤ ዐውደ ጥናትም አልተካሄደም። እንዲህም ሆኖ ጠርሙሱ ዋግን ያህል ተራራማ አገር አቋርጦ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ያው የመጠጥ ዓይነት በፕላስቲክ ሲታሸግ ግን ማስያዣው ይቀራል፤ ማስያዣው ሲቀር ደግሞ ዕቃው ባለቤት ያጣል። ይህን ልብ ይሏል፤ የጽሑፌ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ላይ ነውና።

የቀረው ምን ይሆናል?

የዋግ ሰው ዕቃ አባካኝ አይደለም። ቢጫው ጀሪካን እስኪሰነጠቅ ድረስ ውኃ ይቀዳበታል፤ ከተሰነጠቀም በኋላ አፉ ተቆርጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። ባዶ ሃይላንድም ዘይት ይገዛበታል፣ አረቄ ይቋጠርበታል፣ ጠበል ይቀዳበታል፣ ተማሪው ውኃውን ይዞበት ይሄዳል። ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም በአውሮፓ ዛሬ እንደ አዲስ ትምህርት ይሰበካል፤ በእኛ ዘንድ ግን የድህነት ልማድ ሆኖ ኖሯል።

ይሁንና የዕቃው ብዛት ከአገልግሎቱ በለጠ። ፌስታሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይያዝና ነፋስ ይወስደዋል። የቀረው ከሰል ማያያዣ ይሆናል፤ ጢሱንም እናትና ሕፃን በአንድ ጎጆ ውስጥ ይስቡታል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጎርፉ ከየቱቦው የተረፈውን ጠራርጎ ወደ ተከዜ ይወርዳል። 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ከኋላው በተኛው ሰፊ ውኃ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩ የዋግ ወጣቶች አሉ፤ ከላይ የወረደው ፕላስቲክ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው የፍየሉ ነገር ነው። አበርገሌ የተባለው የታወቀ የፍየል ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አካባቢ ነው። ለዋግ ገበሬ ፍየል ባንኩ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ፣ ልጅ ሲታመም፣ ደብተር ሲገዛ የሚሸጠው እርሱን ነው። ፍየልም ሆነ በግ፣ ላምም ሆነች በሬ የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ሲውጡ በጨጓራቸው ውስጥ ይከማቻል፣ ይቋጠራል፤ አይፈጭም፣ አይወጣም። እንስሳው የጠገበ እየመሰለው ይከሳል፤ በመጨረሻም ይሞታል። አንድ ከተሜ በሳንቲም ያገኘው ፌስታል የአንድ ገበሬ ተቀማጭ ገንዘብ በላ ማለት ነው።

ስማርት የተባለው ነገር

በዚህ ዘመን ለዚህ ችግር የሚቀርበው መልስ ስማርት ቴክኖሎጂ ነው። እስቲ ነገሩን ሳናጣጥልና ሳናመልክ እንየው።

በበለጸጉት አገሮች የማጣሪያ ፋብሪካዎች ቆሻሻው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ይነጠፋል። ከላይ የተተከለ መሣሪያ ዓይን የማያየውን የብርሃን ዓይነት ይለቅበታል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት ብርሃኑን የሚመልሰው በራሱ መንገድ በመሆኑ መሣሪያው የውኃውን ፕላስቲክ ከጀሪካኑ፣ ጀሪካኑን ከክዳኑ ለይቶ ያውቃል፤ ወዲያውም በአየር ግፊት እያንዳንዱን ወደየክፍሉ ያስፈነጥረዋል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የታከለባቸው ካሜራዎችና የሮቦት እጆች ተጨምረዋል። ሥራው በእርግጥ ያስደንቃል።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ ጥቁር ፕላስቲክን ማየት ይሳነዋል። ጥቁሩ ቀለም ብርሃኑን ውጦ ስለሚያስቀር ለመሣሪያው የሚመለስለት ምልክት የለም። በእኛ ገበያ ጥቁር ፌስታል ምን ያህል እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የታወቀ ጥናት እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ ሁሉ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ያ ሁሉ ዕውቀትና ማሽን ባለበት ዓለም ውጤቱ ይህ ከሆነ ጉድለቱን ከማሽን ውጭ መፈለግ ይገባል።

በጎ ውጤት ያመጡትን አገሮች ብናይ ነገሩ ይገለጥልናል። ኖርዌያውያኑ የፕላንኬ ወንድማማቾች ባዶ ጠርሙስ ተቀብሎ ደረሰኝ የሚሰጥ ማሽን ሠርተው ቶምራ የተባለውን ኩባንያ ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ማሽኑ ጠቃሚ የሆነው በአገሩ የጠርሙስ ማስያዣ ስለነበረ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2003 ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግሉ የመጠጥ ዕቃዎች ላይ የ25 ሳንቲም ማስያዣ ጣለች፤ ዛሬ ከእነዚህ ዕቃዎች እጅግ አብዛኞቹ ወደ መደብር ይመለሳሉ። ዋጋው ከፊት ሄደ፤ ማሽኑ ተከተለ። እኛ ዘንድ የሚታሰበው ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ ማሽኑ በሪባን ይመረቃል፣ ዋጋው ይረሳል።

በእግሩ የሚሄደው ማጣሪያ

ኢትዮጵያ ማጣሪያ የላትም የሚል ሰው ካለ በማለዳ የቆራሌውን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው። ቆራሌው በእጁ ሲጨብጠው፣ በጣቱ ሲመታው የፕላስቲኩን ዓይነት ያውቃል። ጥቁሩም ከነጩ እኩል ይታየዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ ስም፣ ዋጋና ገዢ የሚያገኝበት ሰፈር ሆኖ ኖሯል። ይህ ሁሉ ሰው በማንም ዕቅድ ውስጥ ሳይገባ የአገሪቱን ቆሻሻ ሲለይ ዘመን አስቆጠረ።

የተከፈለውን ዋጋም አንርሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከሟቾቹ መካከል ከዚያው ክምር ላይ ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው አካባቢ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመረቀ። ማሽኑ ተገኘ፤ የለቃሚው ዕጣ ግን የማንም ጥያቄ አልሆነም።

በአዲስ አበባ ተስፋ የሚሰጥ ጅምር አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቅዱስ አስፋው የሆነው ኩቢክ የተባለ ኩባንያ ፕላስቲክን ወደ ግንባታ ቁሳቁስ ይለውጣል። የውኃ ፕላስቲክን ፈጭተው ለፋብሪካ የሚያቀርቡም አሉ። ስለዚህ ገዢ የለም ሊባል አይችልም። ጥያቄው የሰቆጣው ሃይላንድ እዚያ ገዢ ዘንድ እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው።

አየር የጫነ መኪና

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ባዶ ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ የሚመዝነው ከ10 እስከ 20 ግራም ያህል ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ባዶ ሃይላንድ ያስፈልጋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ሸክም ለአንድ ሕፃን ክብደቱ ቀላል ቢሆንም ስፋቱ ከቁመቱ ይበልጣል። በመኪና ሲጫንም እንዲሁ ነው፤ ያልተጨመቀ ፕላስቲክ የጫነ መኪና የሚያጓጉዘው አብዛኛውን አየር ነው። አየር ጭኖ 700 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጋዴ ይከስራል። የሰቆጣው ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የቀረው የከተማዋ ሰው ግንዛቤ ስላነሰው እንዳልሆነ ይህ ሒሳብ ይመሰክራል።

እንግዲህ ብልህ ቴክኖሎጂ ማለት ይህን ሒሳብ የሚለውጥ ቴክኖሎጂ ነው። በእኔ እምነት አራት ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ በእያንዳንዱ የፕላስቲክ መጠጥ ዕቃ ላይ ማስያዣ ይጣል። አምራቹ ወይም አስመጪው ገንዘቡን ከሽያጩ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ዕቃው ሲመለስ ገንዘቡ ይመለስ። ስለ ጠርሙስ የምናውቀውን ሕግ ወደ ፕላስቲክ ማሻገር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በየከተማው አንድ መረከቢያ ይኑር፤ በዚያም የታመነ ሚዛንና አንድ ስልክ ይቀመጥ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ለቃሚዋ ያመጣችው ተመዝኖ ክፍያው ወዲያው በስልኳ ይግባላት፤ ስልክ የሌላት በጥሬ ገንዘብ ትቀበል። የዕለቱ የአዲስ አበባ ዋጋም በአጭር መልእክት ይነገራት። ዋጋ ያላወቀ ሻጭ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነውና። በናይጄሪያ ሌጎስ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመው ዊሳይክለርስ ቤት ለቤት በብስክሌት እየዞረ ፕላስቲክ ሲሰበስብ ለሰጪዎቹ ነጥባቸውን በአጭር መልእክት ያሳውቅ ነበር። ለዚህ ውድ ስልክ አላስፈለገም።

ሦስተኛ፣ አንድ መጭመቂያ ማሽን ይተከል። የተጨመቀ ፕላስቲክ የሚይዘው ቦታ ከቀድሞው ብዙ እጥፍ ያነሰ ይሆናል። ክዳኑንና ጠርሙሱን ለመለየት ደግሞ ውኃ ይበቃል፤ ተፈጭቶ በርሜል ውስጥ ሲገባ የጠርሙሱ ስባሪ ይሰጥማል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል።

አራተኛ፣ የተመላሽ መኪና መረጃ ይደራጅ። ሰቆጣ እህል፣ ሲሚንቶ ወይም ዕቃ አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና ቀኑንና የሚሄድበትን አስመዝግቦ፣ የተጨመቀው ጭነት በቅናሽ ዋጋ ይሳፈርበት። ይህን በስልክ ማገናኘት ለአገራችን ወጣት የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የአንድ ክረምት ሥራ ነው። የጠርሙስ ሳጥን የሚመልሰው የመጠጥ መኪናማ የትም አይፈለግም፤ እየመጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሥርዓቱ ያለ ኢንተርኔት መሥራት አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን የክልሉ ነዋሪ አይረሳውም። በአንድ ትእዛዝ የሚጠፋ ቴክኖሎጂ ለድሃ መተዳደሪያ አይሆንም። በኮከብና በመሰላል ምልክት በቀላል ስልክ የሚከናወን ክፍያ፣ በወረቀት መዝገብም የሚደገፍ ይሁን።

ሕጉ ማንን ይቀጣል?

ስለ ፌስታል ያለን ሕግ አዲስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነና የማይበሰብሱ ፌስታሎችን ለማምረትም ሆነ ለማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለፉትን ዓመታት ሁላችንም በቀጭን ፌስታል ቲማቲም እየገዛን አሳለፍናቸው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 ፌስታልን አገዱ፤ ሁለቱም እገዳው የምር መሆኑን አሳዩ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ከልክሎ ይዞ በተገኘ ሰው ላይ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ጥሏል። ዓላማውን እደግፋለሁ። የምፈራው የአፈጻጸሙን ነገር ነው። ከፋብሪካው በር ይልቅ የጉሊት ሻጯ ለደንብ አስከባሪ ትቀርባለች። ፍየሏን በፌስታል የተነጠቀችው ሴት፣ በርበሬ በፌስታል ይዛ ብትገኝ ሁለተኛ ፍየል ሸጣ ቅጣት ትክፈል ማለት ነው? ቅጣቱ ከአምራቹ ይጀምር፤ ለገበያተኛዋም ዘንቢሉና የጨርቁ ከረጢት በአቅሟ ይቅረብላት።

«ማስያዣ የውኃን ዋጋ ያንራል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለሚመልስ ሰው አያንርም፤ ገንዘቡን ይወስዳልና። ለማይመልሰው ቢያንር፣ እርሱ የጣለውን ያነሣ ልጅ ትርፉን ይወስዳል። ዛሬም ቢሆን ዋጋው እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ግን ውኃውን ያልጠጣው ገበሬ ነው። «ማጭበርበር ይበዛል» ለሚለው ደግሞ የቴክኖሎጂው ቦታ እዚህ ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የሚታተም ምልክት፣ በመረከቢያው የሚቆጥር ስልክ፣ ለሕዝብ ይፋ የሚሆን መዝገብ ይኑር። ፋብሪካው ስንት ወደ ሰቆጣ ላከ? ስንት ተመለሰ? ልዩነቱ የማን ዕዳ ነው? ባለሥልጣናት «ይህን ያህል ቶን ሰበሰብን» ብለው በሪፖርት ከሚያጠግቡን፣ ማንም ዜጋ በስልኩ የሚያየው ሦስት ቁጥር ይሻለናል።

የተዋስነው ስም

የሰቆጣ ስም በኢትዮጵያ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቃል ተሸክሟል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። የመነሻ ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። ከዚያ ወዲህ ዋግ በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነት ገባባት፣ ሕዝቧ ተፈናቀለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ በድርቅ ተመታች። ዕርዳታም መጣ፤ ዕርዳታው የመጣበት ጀሪካንና ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠው ምግብ የታሸገበት ከረጢት ግን እዚያው ቀረ። ሕይወት ያተረፈን ነገር አልነቅፍም፤ ይሁንና ዕርዳታውን የሚያመጣው መኪና ባዶውን ከሚመለስ ማሸጊያውን ይዞ ቢመለስ ምን ይጎድልበታል? በአንድ እጅ የልጅን ምግብ እየሰጠን በሌላው ወተቷን የሚጠጣባትን ፍየል የሚገድል ላስቲክ ትተን ከሄድን ቃል ኪዳኑን በምሉ አልጠበቅንም።

ከአንዲት ከተማ ስም የሚዋስ መንግሥት ለከተማዋ ዕዳ አለበት። ከፊሉን ዕዳ በአንድ ሚዛን፣ በአንድ መጭመቂያና በአንድ አንቀጽ ሕግ መክፈል ይቻላል። ሰቆጣ ላይ የሠራ ሥርዓት ለላሊበላም፣ ለወልድያም፣ ለደሴም ይሠራል፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሠራ ግን ሰቆጣ አይደርስም።

የመጠጥ መኪናው በዚህም ሳምንት ሰቆጣ ይገባል፤ ሳጥኑን ቆጥሮም ይመለሳል። ከሳጥኖቹ ጎን የተጨመቀ ፕላስቲክ የሚጫንበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ባዶውን እንዳይመለስ አምራቹን የሚያስገድድ ሰው ከመንግሥት ወንበር ላይ አለን?

ቸር እንሰንብት።